የጥላ ችካሎች

ኑ እስቲ፣ ቁጭ በሉ። አንቺም ልጄ፣ ከበሩ ላይ ተነሺና ወደ ውስጥ ግቢ፤ ንፋሱ ይመታሻል። ወሬዬ ረዥም አይደለም፣ ግን ቆሜ የምነግረው አይደለም። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ስለ ፊዚክስና ስለ ሂሳብ ስሳሳት ታርሙኛላችሁ። የሆነውን ነገር ግን አልሳሳትም። መጨረሻውን አስቀድሜ እንድነግራችሁ አትለምኑኝ፤ እዚያ ለመድረስ እኔም ቀስ ብዬ መሄድ አለብኝ።

ነገሩ የሆነው ሀብሩ ወረዳ ውስጥ፣ ከመርሳ ከፍ ብሎ ባለው ሰፈራችን፣ አምና መጋቢት ማለቂያ ላይ ነው። ዕለቱ ጁምዓ ነበር። ወንዶቹ ከሶላት ወጥተን ገና ጫማችንን ስናጠልቅ የመሪማ ጩኸት ተሰማ። መሪማ ጎረቤቴ ናት። ባሏ ቀድሞ ሞቶባት አንዲት ልጇን ኢብቲሳምን ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት። ሮጠን ስንደርስ እናትና ልጅ አውድማቸው መሀል ቆመዋል። መርሳ ለቅሶ ደርሰው መመለሳቸው ነው።

«ችካሎቼን ማን ነቀላቸው?» አለች ኢብቲሳም። «ሳጥኔስ የት ሄደ?»

የዚህችን ልጅ ነገር ልንገራችሁ። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፊዚክስ ታጠናለች፤ ሂሳቡንም አብራ። አራተኛ ዓመቷ ነበር። ለመመረቂያ ሥራዋ ስምንት ሜትር የሚሆን የባሕር ዛፍ ምሰሶ አውድማው ላይ አቆመች። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እየመጣች፣ ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ከሰዓት በኋላ፣ የምሰሶው ጥላ ጫፍ ያረፈበት ቦታ ላይ የፌሮ ብረት ትተክላለች። ጫፉን ቀይ ቀለም ትቀባና ቁጥር ትጽፍበታለች። ከጥቅምት ጀምሮ አሥራ አንድ ቅዳሜ፣ ሠላሳ ሦስት ችካል። ጥቂቶቹ ከአውድማው አልፈው የእኔ ማሳ ጠርዝ ላይ ነበሩ፤ ጠይቃኝ ፈቅጄላታለሁ። በሳጥኑ ውስጥ ደግሞ የአምስት ወር ቁጥር የያዘው ደብተርና ከዩኒቨርሲቲው በስሟ ያወጣችው ባለ ሦስት እግር መለኪያ ነበሩ። ሳጥኑ አውድማው ዳር ካለችው ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ቁልፍ የለውም። በኛ ሰፈር ማን ይነካዋል?

«ሌላ ብረት ይገዛል» አላት አንዱ።

«ብረቱ አይደለም!» አለች። «ደብተሩ ከሌለ ቁጥር የለኝም። ችካሉ ከሌለ ደግሜ መለካት አልችልም፤ ፀሐይ ለኔ ብላ ወደ ታኅሣሥ አትመለስም። መሣሪያው ካልተመለሰ ደግሞ ክሊራንስ አይሰጡኝም። ሰኔ ላይ አልመረቅም፣ አለቀ።»

መሪማ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔ «አብሽሪ ልጄ፣ ይገኛል» አልኳት።

* * *

በነጋታው ኢንስፔክተር ፋንቱ ከመርሳ በባጃጅ መጣች። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት። ማንንም ሳትጠይቅ መጀመሪያ አውድማው ላይ ቁጢጥ ብላ አፈሩን በጣቷ ትነካካ ጀመር።

«እርስዎ ማን ነዎት አባባ?»

«ረዲ እባላለሁ። ጎረቤት ነኝ። ሽማግሌም ነኝ፤ የሰፈሩን ጠብና ዕርቅ የምናይ።»

«እሰይ። እንግዲያው ይህን ይዩልኝ።» ጣቷን ጫን ስታደርገው አፈሩ ውስጥ ገባ። «እዚህ ችካል ነበር። የነቀለው ሰው ጉድጓዱን መልሶ ደፍኖታል፣ በተረከዙም ጠቅጥቆታል። ሁሉንም እንዲሁ። ብረት ሰርቆ ጉድጓድ የሚደፍን ሌባ አይተው ያውቃሉ?»

«ምናልባት የከብት እግር እንዳይሰበር ብሎ ይሆናል» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። «ለከብት የሚያዝን ሌባ» አለችና ሳቀች። ወደ ምሰሶው ዞረች። «ይህ ደግሞ አልተነካም። አንድ ሰው ብቻውን አይነቅለውም። እንግዲህ ሥራው የአንድ ሰው ነው። በጁምዓ ሰዓት የት ነበሩ?»

«መስጊድ።»

«ወንዶቹ ሁሉ?»

«ሁሉም።»

ጻፈችው።

ከዚያ ናጅዋን ጠራቻት። ናጅዋ ከመሪማ ቤት ማዶ ትኖራለች። «እኔ ወሬ አልወድም» ብላ ጀመረች።

«እኔ ግን እወዳለሁ፤ እንጀራዬ ነው» አለቻት ኢንስፔክተሯ። «በይ ንገሪኝ።»

«ወላሂ ሰው ለማማት አይደለም። ሐሙስ ዕለት ያ ፀጉሩን ያጎፈረ ልጅ ከወልድያ መጥቶ ነበር፣ ሚኪያስ የሚሉት፣ አብሯት የሚማረው። ያንን ባለ ሦስት እግር መነጽር ይዞላት መጣ። ገመድ ሲዘረጉ፣ በመነጽሩ ሲያዩ ዋሉ። ኋላ ተጣሉ። ‹ከመጽሐፍ ሞልተን እንጨርሰው› ሲላት ‹እኔ ውሸት አልጽፍም› ብላ ጮኸችበት። እሱም ‹እንዲያውም ይህ ሁሉ ብረት ቢጠፋ በተገላገልኩ› ብሎ ሄደ።»

«ይህን ያህል ሰማሽ?»

«አጥራችን ስስ ነው» አለች ናጅዋ።

* * *

እሑድ ወደ ወልድያ በሚኒባስ ሄድን፤ ኢንስፔክተሯ፣ ኢብቲሳምና እኔ። መሪማ «ልጄን ብቻዋን ከፖሊስ ጋር አልሰድም፣ አንቱ አብረው ይሂዱልኝ» ብላ ለምናኝ ነው። ሲሪንቃን ስናልፍ ኢንስፔክተሯ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ልጅቷ የምትለካው ምኑን ነው አባባ? እኔ እኮ አልገባኝም።»

«የፀሐይን ነገር ነው።»

«ለእርስዎ ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል እንጂ» አልኩ።

ሚኪያስን ከግቢው በር አጠገብ ካለች ምግብ ቤት አገኘነው፤ ወረቀት በፊቱ ዘርግቶ ሽሮ ይበላል። ኢብቲሳምን ሲያይ ጉርሻው አፉ ውስጥ ቀረ።

«ጁምዓ ቀን የት ነበርክ?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«ፈተና ላይ። ለመውጫ ፈተናው ሞዴል እየሰጡን ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ሰባት ተኩል። ፈርሜያለሁ።»

«ብረቱ በጠፋ ብለሃል።»

«ብያለሁ። ጥላው የት እንደሚያርፍ እኮ በቀመር ይታወቃል! የቦታውን ኬክሮስና ቀኑን ማስገባት ነው፣ ይወጣል። ለምን በፀሐይ እንቃጠላለን ነው ያልኳት።»

«መልሱን ከመጽሐፍ ገልብጠህ ለካሁ ልትል!» አለች ኢብቲሳም።

«ሰነፍ በይኝ። ሌባ ግን አትበይኝ።»

«ሰነፍ ብዬህ አላውቅም። ዛሬ ራስህ አልከው።»

ኢንስፔክተሯ ሳቋን ዋጠች። በማግስቱ የፈተናውን ፊርማ አስመጥታ አየችው። ልጁ እውነቱን ነው፤ በዚያ ሰዓት ከወንበሩ አልተነሣም።

* * *

ሰኞ ከሰዓት በኋላ አውጫጭኝ ተጠራ። ወጣቶቹ ይህን ላታውቁት ትችላላችሁ። ጥፋት ደርሶ አጥፊው ሲሰወር ሰፈሩ ሁሉ ይሰበሰባል፤ ያየም የሰማም ይናገራል። ፊት ለፊት መናገር የፈራ ደግሞ ከሽማግሌዎቹ ወዳመነው ሄዶ በጆሮው ይነግረዋል። ሽማግሌው የተናጋሪውን ስም አያወጣም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ብቻ ነው የሚለው። የወፏን ማንነት መጠየቅ ነውር ነው። ያን ዕለት የተቀመጥነው ሁለት ነበርን፤ አብዱልሐሊምና እኔ። ኢንስፔክተሯ ዳር ቆማ ታያለች።

የዓሪፍ ተራ ደረሰ። ዓሪፍ ቀልደኛ ነው።

«እኔ ምን አያለሁ?» አለ። «ሁላችንም ሶላት ላይ ነን። እኔ ሁልጊዜ የማየው የአባባ ረዲን ጀርባ ነው፤ እሳቸው ፊት ከቆሙ ኢማሙ አይታይም። ያን ቀን ከፊቴ ስላልነበሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የኢማሙን ጥምጣም አየሁት!»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ሰዉ ተራ በተራ ወደ ጆሯችን መጣ። አንዱ ስለ ሚኪያስ፣ አንዷ ስለ ናጅዋ ምላስ፣ አንዱ ዝም ብሎ ትንፋሹን ብቻ ነግሮኝ ሄደ። ሲያበቃ ተነሣሁ።

«ወፍ ነግራኛለች» አልኩ። «ሲራክ የሚባለው፣ በጋሪ እየዞረ ውዳቂ ብረት የሚገዛው፣ ቀይ ጫፍ ያለው ፌሮ ጭኖ ታይቷል።»

ሲራክን ሁሉም ያውቀዋል። መርሳ ይኖራል፤ በሰፈራችን ዘመድ የለውም።

ማክሰኞ ጠዋት ጋሪው ተፈተሸ። ሃያ ዘጠኙ ችካል ተገኘ፤ ቁጥሩም ቀለሙም አለ። ችካሎቹን እንድንለይ መሪማንና እኔን መርሳ ጠርተውን ነበርና ሲይዙት አይቻለሁ።

«ከገደል ነው ያገኘኋቸው!» ይላል ሲራክ። «ከሰፈራቸው በታች ካለው ገደል! የተጣለ ነው ብዬ ለቀምኩት።»

«ሳጥኑስ?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«ሳጥን የሚባል አላየሁም፣ በማርያም!» ዞር ሲል አየኝ። «አባባ ረዲ፣ እርስዎ ያውቁኛል። ከደጅዎ ውኃ ጠጥቻለሁ። የሰው ዕቃ ነክቼ አውቃለሁ? እባክዎ አንድ ነገር ይበሉላቸው።»

«አላህ እውነቱን ያውጣው» አልኩ።

ያልኩት ይህን ብቻ ነው። ወሰዱት።

* * *

ሰፈሩ እፎይ አለ፤ ኢብቲሳም ግን አላለችም። ደብተሩም መሣሪያውም አልተገኘም። «ሚያዝያ አሥራ ሁለት እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ ምሰሶው ጥላ አይኖረውም። ሥራዬ የሚያበቃው ያን ቀን ነበር» ትላለች። እናቷ ቀን ትቆጥርላታለች።

ጁምዓ ጠዋት፣ ልክ በሳምንቱ፣ ለውዱእ ልታጠብ ማንቆርቆሪያዬን ይዤ ስወጣ ኢንስፔክተር ፋንቱ ደጄ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ብቻዋን ናት።

«ሲራክ ያን ጁምዓ ቀኑን ሙሉ ሲሪንቃ አሮጌ ሽቦ ሲጭን ነበር» አለች። «ሦስት ሰው መሰከረለት። ብረቱን ከገደል ያገኘው ቅዳሜ ነው። አራቱ ችካሎች አሁንም እዚያው ናቸው፤ ወርጄ አየኋቸው።»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ይቀመጡ አባባ። መጀመሪያ ጉድጓዶቹ አስቸገሩኝ። ብረት ፈላጊ ብረቱን ገደል አይጥልም፤ ልጅቷን የሚጠላም ጉድጓድ አይደፍንላትም። ይህ መሬት የሚወድ ሰው ነው አልኩ። ከዚያ የዓሪፍን ቀልድ አሰብኩት። ኢማሙን ጠየቅኋቸው፤ እርስዎ ሃያ ዓመት ሙሉ ከፊት ረድፍ ጎድለው አያውቁም። ያን ቀን ግን ኹጥባው፣ ስብከቱ፣ ካለቀ በኋላ ገብተው በር ላይ ሰገዱ።»

ማንቆርቆሪያውን ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አዛወርኩት።

«ለማመን ስላቃተኝ ሁለት ቀን ቤት ለቤት ዞርኩ። አርባ አንድ ሰው። እያንዳንዱን ‹በአውጫጭኙ ለሽማግሌ ምን አልክ? ምን አልሽ?› አልኩ። ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ይቅር በሉኝ። ሲራክን የጠራ አንድም ሰው የለም። ወፏ ማን ናት አባባ?»

ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጥኩት። በዚያ እጄ ውዱእ ማድረግ አልቻልኩም።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ሁሉንም እኔ ነኝ።»

አትቆጡኝ አልላችሁም። ስትቆጡኝ ይሻለኛል።

«ለምን?» አለች። የእውነት ጥያቄ ነበር። «እሱን ብቻ አላገኘሁትም።»

ነገርኳት። ከዓመታት በፊት ሐራ በኩል ወንድሜ ማሳ ነበረው። አንድ ቀን ወጣቶች ባለ ሦስት እግር መነጽር ይዘው መጡ፣ ገመድ ዘረጉ፣ ጫፉ ቀይ የሆነ ችካል ቁጥር ጽፈው ተከሉ። በዓመቱ ማሳው መንገድ ሆነ። ወንድሜ ዛሬም የሰው መሬት ያርሳል። የኢብቲሳምን ችካል አምስት ወር ሳየው የወንድሜን ማሳ እያሰብኩ ከረምኩ። ሐሙስ ዕለት ግን ያ መነጽር መጣ። ሚኪያስ ገመዱን ከምሰሶው እስከ ማሳዬ ጎትቶ፣ እየሳቀ፣ «ከዚህ እስከዚያ የኛ ነው!» አለ። የልጅ ቀልድ ነው። እኔ ግን መሬቴ ሲለካ አየሁ። ጁምዓ ሰፈሩ ባዶ ሲሆን ነቀልኩት። ብረቱን ገደል ጣልኩ፣ ሳጥኑን እህል ጉድጓዴ ውስጥ ከተትኩ። ቅዳሜ ሲራክ ብረቱን ጭኖ ከገደል ሲወጣ አየሁት። ሌላውን ታውቁታላችሁ።

«ልጅቷን ለምን አልጠየቋትም? ጎረቤትዎ ናት።»

«ነግራኛለች እኮ» አልኩ። «ጥቅምት ላይ ስታስፈቅደኝ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ አስረድታኛለች። እኔም ‹ገባኝ ልጄ፣ ገባኝ› አልኳት። ምንም አልገባኝም ነበር። ሰው ሁሉ ነገር ተቸግሮ እኔ ዘንድ ይመጣል፤ አልገባኝም ማለት አፈርኩ። ይኸው ነው።»

ኢንስፔክተሯ ከድንጋዩ ተነሣች። «ሲራክን አሁን ሄጄ አስፈታዋለሁ» አለች። «ለሰፈሩ ግን እኔ አልናገርም። እርስዎ ይናገራሉ።»

* * *

ከሶላት በኋላ፣ አውጫጭኝ በተቀመጥኩበት ቦታ ቆሜ ተናገርኩ። ማንም አልጮኸብኝም። ቢጮኹ በወደድኩ። አብዱልሐሊም ብቻ «ረዲ፣ እኔ እኮ አጠገብህ ቁጭ ብዬ ነበር» አለኝ። ሕጉም የሚለኝን አለኝ፤ እሱን እዚህ አላወራውም።

መርሳ ወርጄ ድንጋይ ተሸክሜ ሲራክ ደጅ ቆምኩ። ወጣና አየኝ።

«ድንጋዩን ያውርዱት አባባ። አንገትዎን ያምዎታል።»

«ይቅር በለኝ።»

«ልጄን ሦስት ቀን ‹የሌባ ልጅ› ሲሏት ሰነበቱ። እሷ ይቅር ስትል እኔም እላለሁ» አለና ጋሪውን እየገፋ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ወደ ሰፈራችን መጥቶ አያውቅም።

ሳጥኑን አወጣሁ። መሣሪያው ደህና ነበር። ደብተሩን ግን ምስጥ በልቶታል፤ ከሠላሳ ሦስቱ ቁጥር የሚነበበው አሥራ አራቱ ብቻ ነው። ኢብቲሳም ቅጠሉን አንድ በአንድ ገለጠች። አልሰደበችኝም። እናቷ በሩን ዘጋችብኝ፤ ደግ አደረገች።

በማግስቱ ተመለስኩ። «ልጄ» አልኳት ከደጅ ሆኜ፣ «ጉድጓዶቹን እኔ ነኝ የደፈንኳቸው። አገኛቸዋለሁ።»

ጫማዬን አወለቅሁ። የተነካ አፈር ካልተነካው ይለያል፤ እግር ያውቀዋል። ቀኑን ሙሉ አውድማውንና ማሳዬን በባዶ እግሬ እየዳሰስኩ ዋልኩ። ሠላሳ አንዱን አገኘሁ። ሚኪያስም መጥቶ ነበር፤ ደብተሩ ላይ የቀሩትን አሥራ አራት ቁጥሮች በሜትር እየለኩ ካገኘኋቸው ጉድጓዶች ጋር አስተያዩአቸው። ከአንድ ጣት በላይ የሳተ የለም።

«ሁለቱን በቀመር እንሙላቸው?» አላት ቀስ ብሎ።

«ባዶ ይቀመጡ» አለችው።

ማታ መሪማ በሩን ከፈተችና «ይግቡ» አለችኝ። ኢብቲሳም እንደገና አስረዳችኝ። በዚህ ጊዜ ሦስት ጊዜ «አልገባኝም» አልኳት፤ ሦስቴም ሳትሰለች ደገመችልኝ። ጥላ እኩለ ቀን ላይ ማጠሯን፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል መርዘሟን ስትነግረኝ ግን አንገቴን ደፋሁ። ሰዓት ሳይኖር በፊት አባቴ የዙሁርን፣ የቀትሩን፣ ሶላት የሚያውቀው ዱላ ተክሎ ጥላዋን አይቶ ነበር። ዱላውን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ሳውቀው ያደግሁትን ነገር ነው እንደ ጠላት የነቀልኩት፤ አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ ይበቃኝ ነበር።

ሚያዝያ አሥራ ሁለት እኩለ ቀን ላይ ሰፈሩ አውድማው ላይ ተሰበሰበ። ጥላዋ አጠረች፣ አጠረች፣ ምሰሶው ሥር ገብታ ጠፋች። ኢብቲሳም ጻፈች።

ጽሑፉን ልታስገባ ስትል እኔ ዘንድ መጣች። «አባባ፣ ችካሎቹ ተነቅለው እንደተመለሱ መጻፍ አለብኝ። ካልጻፍኩ ቁጥሬ ውሸት ይሆናል። ስምዎን ልተወው? ‹አንድ ገበሬ› ብል ይበቃል።»

አዎ ተይው ልላት ፈልጌ ነበር። እውነቱን ነው የምነግራችሁ፣ በጣም ፈልጌ ነበር።

«ረዲ ብለሽ ጻፊው» አልኳት። «የአባቴን ስም ግን ተይልኝ፤ እሱ ምን አጠፋ።»

ሰኔ ላይ ተመረቀች። ጽሑፉን አምጥታ ገጽ አሥራ ሰባትን አነበበችልኝ፦ «ችካሎቹን የነቀሉትም ቦታቸውን መልሰው ያገኙትም ጎረቤታችን አባባ ረዲ ናቸው።» እንዲህ ይላል። አሁን ወልድያ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ የሚማር ሁሉ ያነበዋል። ይገባኛል።

የሲራክ ስም ግን እዚያ የለም። ስለ ጥላ በሚያወራ ጽሑፍ ውስጥ እሱ ምን ቦታ አለው? አንዳንዱ ሰው ዛሬም «ያ ብረት የሰረቀው» ይለዋል፤ የታሰረውን ሰምቶ የተፈታውን ያልሰማ ብዙ ነው። ስለዚህ ልጆቼ፣ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። የኔን ስም ብትረሱት ግድ የለም፣ ተጽፏል። ሲራክ ይባላል። ምንም አልሰረቀም። እናንተ ያዙልኝ።